ሥራውም ቤቱም ሳይጓደል፦ ስለ ጭንቀት፣ እንቅልፍና መድኃኒት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት የመጣውን ጥያቄ እመልሳለሁ። «ተዝናና፣ ያልፋል» የሚል መልስ ከእኔ አትጠብቁ። ቀኑ ሞልቶ ለፈሰሰበት ሰው ሌላ ሥራ አይጨመርበትም። የምንነጋገረው ካለው ላይ ምን እንደሚቀነስና ምን ሰዓቱ እንደሚቀየር ነው።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስገባ ደክሞኝ ወዲያው እተኛለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን እነቃና የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ክፍያ ሳሰላ ይነጋል።

መልስ፦ ሌሊት የሚመጣ ሒሳብ ቀን ላይ ቦታ ያጣ ሒሳብ ነው። ከእራት በኋላ፣ ከመኝታ ቢያንስ 1 ሰዓት ቀደም ብለህ 15 ደቂቃ ስጠው። በወረቀት ይሁን፤ ስልክ ከከፈትክ ቴሌግራም ይዞህ ይሄዳል። ገጹን ለሁለት ክፈል፤ በአንድ በኩል ላደርግበት የምችለው፣ በሌላው አሁን ከእጄ ውጭ የሆነው። «ኪራይ» ብለህ ብቻ አትጻፍ። «ሐሙስ በምሳ ሰዓት ለአከራዩ ደውዬ 10 ቀን እንዲታገሱኝ እጠይቃለሁ» ብለህ ጻፍ። ቀንና ሰዓት ያልተቆረጠለት ነገር ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣም «ተጽፈሃል፣ ነገ ማታ» ብለህ አሳድረው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ወረቀቱን አልጋ ላይ ይዞ መውጣት ነው፤ ያን ጊዜ አልጋው ቢሮ ይሆናል። ከነቃህ በግምት 20 ደቂቃ ጠብቅ (ሰዓት አትይ፣ ማየቱ ራሱ ያነቃል)። እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥተህ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ውስጥ ተቀመጥ፣ ዓይንህ ሲከብድ ተመለስ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ በርጩማ ይበቃል። ጠዋት የምትነሣበት ሰዓት ግን እሑድም ቢሆን አይለወጥ። እሑድ እስከ 4 ሰዓት የተኛ ሰው ማታ እንቅልፍ ቢያጣ አይግረመው። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ለመፍረድ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ቡና ልተው ማለት ነው? ሥራ ለመጨረስ ደግሞ አንዳንዴ እቅማለሁ።

መልስ፦ ቡናን መተው አያስፈልግም፣ ሰዓቱን ማወቅ ነው። ከጠጣኸው ካፌይን ግማሹ ብቻ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ በጣም ይረዝማል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣኸው ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። አቦልና ቶናውን ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ጨርስ። የማታው የጎረቤት ቡና ላይ ግን አትቅር፣ ጨዋታው ይጠቅምሃል፤ ሲኒውን ብቻ እለፈው።

ጫቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ምርቃናው ሲለቅ የሚመጣውን ድብርት ሰው የራሱ ሕመም አድርጎ ይይዘዋል። ጨብሲውም (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ቶሎ ያስተኛ እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ ግማሽ ይቆራርጠዋል። ሐኪም ጋ ከሄድክ ስንት ቀን እንደምትቅም ሳትደብቅ ተናገር።

ጥያቄ፦ እናቴን አልጋ ላይ አስታምማለሁ፣ 3 ልጆችም አሉኝ። በትንሽ ትልቁ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ጸጸቱ ይገድለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍት የማጣት ምልክት ነው። ወንድም እህቶችሽን «አግዙኝ» አትበያቸው፤ ሁሉም እሺ ይላል፣ ማንም አይመጣም። «ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እማዬ ጋ አንተ ነህ» ብለሽ በስም ስጪ። በዚያ 3 ሰዓት ውስጥ ልብስ ካጠብሽበት ዕረፍት አይባልም፤ ከቤት ወጣ በይ።

ለቁጣው፦ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫ ሳቢ፣ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፣ ለ5 ደቂቃ። ልምምዱ በሰላሙ ጊዜ ነው፤ ያልለመድሽውን በንዴት ሰዓት አታገኚውም። ራስሽን ካዞረሽ አብዝተሽ እየሳብሽ ነውና ቀለል አድርጊው። ድካሙ ተኝተሽም ካልለቀቀሽ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝልሽ፤ ሁለቱም ድብርት መስለው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ስልክ በጠራ ቁጥር ብር ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ልቤ ይመታል።

መልስ፦ «እሺ፣ አያለሁ» ማለትሽን አቁሚ፤ እነሱ የሚሰሙት «እልካለሁ» ነው። በወር የምትልኪውን መጠን ቁጥሩን ጠቅሰሽ በወሩ መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ጊዜ በድምፅ መልእክት ንገሪ። የራስሽን ድርሻ ግን ከመላክሽ በፊት አስቀምጪ። የቤተሰብን ጥሪ ድምፅ አጥፊና በምታርፊበት ሰዓት አንቺ ደውዪ። ለድንገተኛ ጉዳይ የአንድ ሰው ብቻ ክፍት ይሁን።

ጥያቄ፦ ፍሉኦክሴቲን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት ከጀመርኩ 10 ቀን ሆነኝ፣ ለውጥ የለም። ጸበልም ገብቻለሁ፣ እጾማለሁም። መድኃኒቱን ላቁመው?

መልስ፦ አያቁሙት። መሻሉ መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ማቅለሽለሹና መቅበጥበጡ ግን ቀድሞ ይመጣል፤ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚተወውም በዚህች መካከል ነው። እንቅልፍ እንዳይነሣዎ ጠዋት ይውሰዱት። ከተሻለዎት በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ የሚቆመውም ከሐኪም ጋር ነው።

ጸበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ ክኒኑን በጸበሉ መዋጥም ይቻላል። የሚጎዳው «አንዱን ምረጥ» የሚለው ምክር ነው። እስከ 9 ሰዓት ከጾሙ ሲያፈጥሩ መውሰድ ይችላሉ፤ ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የጥቂት ሰዓት መዛወር አይጎዳውም። ሊቲየም (ለከባድ የስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ግን ያለ ውኃ ከመዋሉ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ውኃ ሲያንስ መጠኑ በደም ውስጥ ይጨምርና ይመርዛል።

ጥያቄ፦ ስፖርት ግድ ነው?

መልስ፦ ጂም አያስፈልግም። ጠዋት ከታክሲ ቀድመህ ወርደህ 30 ደቂቃ በእግርህ ሂድ፤ የጠዋት ብርሃኑም ለማታው እንቅልፍ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሥራ ቀረ፣ አይበላም፣ ትናንት «ባልኖር ይሻላል» አለኝ። ብጠይቀው ሐሳቡን አባብሰዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፣ አያባብሰውምም። ፊት ለፊት «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» በለው፤ ከዚያ ሳትከራከርና ሳትገሥጽ ስማ። ፀረ ተባይ፣ መድኃኒት፣ መሣሪያ ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። ብቻውን አይደር። ነገ አትበል፤ አሁኑኑ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰደው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለ። አማኑኤል የሚሄድ ሁሉ «አብዷል» የሚል ዘመድ ካለ ለጊዜው አትንገረው። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ እንቅልፉ፣ ምግቡና ሥራው ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸ አንተ ተናገር፤ እሱ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል።