«የሆርሞን መላመድ» ወይስ «ለሆርሞን ምላሽ ማነስ»?

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ለታካሚዎች የሚታደል በራሪ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በደም ውስጥ በዝቶ ሳለ ሰውነት የማይሰማበትን ችግር አንዳችን «የታይሮይድ ሆርሞን መላመድ»፣ ሌላችን «የታይሮይድ ሆርሞን መቋቋም» እንላለን። ለታካሚውስ «የዘር እንቅርት» ቢባል ያስኬዳል?

መልስ፦ «መላመድ»ን ተዉት። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ስንል ጀርሙ ከጊዜ በኋላ ያመጣውን ባሕርይ ነው፤ ይህ ሰው ግን ችግሩን ይዞት ተወልዷል። «መቋቋም» ይቀርባል፤ የሚያሰናክለው «የ» ነው። «ጠላትን መቋቋም» ሲባል የምንቋቋመው እኛ ነን፤ «የጠላት መቋቋም» ከተባለ ግን ተቋቋሚው ጠላት ሆነ። እዚህም ሆርሞኑ ተቋቋሚ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሆርሞኑ ደግሞ ምንም አልሆነም፤ ጉድለቱ ሴሉ ውስጥ ባለው፣ የሆርሞኑን መልእክት በሚቀበለው «ተቀባይ» ላይ ነው። «ለታይሮይድ ሆርሞን ምላሽ ማነስ» በሉት።

«ምላሽ ማጣት» አላልኩም፤ ምላሹ ከሁሉም የሰውነት ክፍል አልጠፋምና። ከ100 ሕሙማን በ85 ያህሉ የተለወጠው በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ቲኤችአርቢ የተባለ ዘረመል ነው። ከእሱ የሚሠራው ቤታ ተቀባይ በጉበትና አንጎል ሥር ባለው የፒቱታሪ ዕጢ ያይላል። ልብ በአመዛኙ የሚሠራው በአልፋ ተቀባይ ነው፤ የዚያ ዘረመል 17ኛው ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ አልተነካም፤ ስለዚህ ሆርሞኑ ሲበዛ ልብ ይፈጥናል። «ሰውነት አይሰማም» የሚለውም «አንዳንድ የሰውነት ክፍሎች» ተብሎ ይታረም።

«የሆርሞን መብዛት» ብቻ ብሎ መጻፍ ከሁሉ ይከፋል። መለያው ሁለቱ የታይሮይድ ሆርሞኖች፣ ቲ3ና ቲ4፣ ከፍ ብለው ሳለ ፒቱታሪ ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ እንደ ወትሮው ዝቅ አለማለቱ ነው። ይህ ካልተጻፈ ታካሚው ሆርሞን የሚቀንስ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ አልፎም የታይሮይድ ዕጢው በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

«የዘር እንቅርት» አያስኬድም። በወሎ ደጋ እንቅርት ሲባል ሰው የሚያስበው ጨው ነው፤ ይህን ግን አዮዲን ያለው ጨው አያስተካክለውም፤ አንገቱ ያላበጠ ታካሚም አለ። «ዘር» ደግሞ ቤተሰብን ያስወቅሳል፤ ለውጡ ወላጆቹ ዘንድ ሳይኖር በልጁ ላይ አዲስ ሊፈጠር ይችላልና «የዘረመል ለውጥ» ይሻላል። ሲወረስ ከአንድ ወላጅ መምጣቱ ይበቃል፤ የተበላሸው ተቀባይ የጤነኛውንም ሥራ ያውካል። «ከልጆቹ ግማሾቹ ይታመማሉ» ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ። 50 በመቶው በየእርግዝናው የሚቆጠር ነው፤ አራት ልጆች ቢወለዱ አራቱም ሊወርሱ፣ አራቱም ሊተርፉ ይችላሉ።