ከአፈር ባክቴሪያ አዲስ መድኃኒት መፈለግ ሙያ ይሆናል ወይ? ለደሴዋ ተመራቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህታችን፣

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ መመረቅሽን፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ከቦርከና ወንዝ ዳር አፈር ለይተሽ ያሳደግሽው ባክቴሪያ ቁስልን የሚያመረቅዘውን የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ባክቴሪያ እድገት መግታቱን፣ ቤተሰቦችሽ ግን ኮምቦልቻ በሚገኝ የቢራ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሥራ እንድትይዢ መምከራቸውን ገልጸሽ፣ ፀረ ተሕዋስያን ፍለጋ እንጀራ የሚሆን ሙያ እንደሆነ ጠይቀሻል።

ሙያ ይሆናል፤ ሆኖም በፔትሪ ዲሹ (በማሳደጊያ ሳህኑ) ላይ ጀርሙ ሳያድግ በቀረበት ቦታ ባየሽው ጥርት ያለ ክብ ብቻ የሕይወትሽን አቅጣጫ እንድትወስኚ አልመክርሽም። በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው ማይክሮባዮሎጂስት በሰልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከተገኘ ወዲህ፣ መድኃኒቱን የሚያመነጩት ስትሬፕቶማይሰስ የተባሉ የአፈር ባክቴሪያ ዝርያዎች ለአሥርት ዓመታት ሲመረመሩ ስለኖሩ፣ ዛሬ ከአፈር የሚገኝ ገቺ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመነጨው ቀድሞ የታወቀ ውህድ ነው። አንዳንዴም እድገቱን የገታው ባክቴሪያው የፈጠረው አሲድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ከባዱ ክፍል ባክቴሪያውን ካገኙ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ውህዱን እንደ ኢታይል አሲቴት ባለ ማሟሚያ ማውጣት፣ በክሮማቶግራፊ (ድብልቅን በሚለያይ ዘዴ) መከፋፈል፣ እያንዳንዱን ክፍልፋይ መልሶ በጀርሙ ላይ መፈተን፣ የሞለኪውሎችን ክብደት በሚለካው በማስ ስፔክትሮሜትሪ የታወቀውን ከአዲሱ መለየት፣ በመጨረሻም የሰውን ሕዋስ የማይጎዳ መሆኑን ማረጋገጥ። በእኔ እምነት አንቺን ተፈላጊ የሚያደርግሽ ከማይክሮባዮሎጂው ጎን የምትይዢው የኬሚስትሪ ዕውቀት ነው፤ የማስተርስ ትምህርት ስትመርጪም ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት አማካሪሽ ከኬሚስትሪ ክፍል ጋር በጋራ የሚሠሩ መሆናቸውን ጠይቂ።

የቤተሰቦችሽን ምክርም አትናቂው። በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ንጽሕናውን የጠበቀ አሠራር፣ ማነጻጸሪያ ናሙና መጠቀምና ውጤትን ሳያዛቡ መመዝገብ የዕለት ተዕለት ግዴታ ነው፤ እነዚህ የሌሉት ተመራማሪ የሚያወጣውን ውጤት ማንም ደግሞ ሊያገኘው አይችልም። ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ የሥራ ማስታወቂያ ካወጣ ግን እሱን አስቀድሚ፤ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን መለየት ለምትፈልጊው ሙያ ይበልጥ ይቀርባልና።

እስከዚያው ባክቴሪያሽን አደራ። በአጋር (ባክቴሪያ በሚያድግበት የረጋ ማሳደጊያ) ላይ ደጋግሞ ማዛወር የመግታት ኃይሉን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ በ20 በመቶ ግሊሰሮል አድርገሽ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ እንዲቀመጥልሽ መምህርሽን ጠይቂ። ሙከራውንም ባክቴሪያ ካልተዘራበት ማሳደጊያ ከወጣ ጭማቂ ጋር እያነጻጸርሽ ድገሚው። መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ግን ተገቢው የደኅንነት ካቢኔት በሌለበት ክፍል ፈጽሞ አታሳድጊ። የውጭ አገር ላቦራቶሪ ባክቴሪያውን ላኪልን ቢልሽ፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ሳትይዢ አትላኪ።

ለማስተርስ ስታመለክቺ የተሳካውን ሙከራ ብቻ አታቅርቢ፤ ስንት ባክቴሪያ ለይተሽ ስንቱ ምንም እንዳልገታ፣ ሲደገም ያልተገኘው ውጤትም የትኛው እንደነበረ በግልጽ ጻፊ። እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚያነብ አማካሪ ሥራውን በእርግጥ በእጅሽ እንደሠራሽው ይረዳል።