የ«መ» ዓይኖች ሲደፈኑ፦ የወርቅ ጽሑፍ በፎቶሾፕ

ጥያቄ፦ ሰላም! ለእህቴ ሠርግ በቴሌግራም የምልከው ምስል እየሠራሁ ነው። «መልካም ጋብቻ» የሚለውን በፎቶሾፕ ወርቃማና ከፍ ያለ አድርጌ መጻፍ ፈለግኩ። ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን አንድ በአንድ ተከተልኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል ያምራል። በአማርኛ ስሞክረው ግን «መ» ድፍን አለችብኝ፣ «ጋብቻ» ደግሞ የቀለጠ ቅቤ መሰለ። ፊደላችን ለዚህ አይሆንም ማለት ነው?
እህቷ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ይሆናል እንጂ! እንደውም ከላቲኑ የበለጠ ያምራል። ችግሩ ያየሽው ትምህርት ቁጥሮቹን የለካው ለእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑ ነው። የ«መ»ን ሁለት ዓይኖች፣ የ«ቤ»ን ቀለበት እስቲ ልብ ብለሽ እያቸው። በጣም ጠባብ ናቸው። ፊደሉን ወደ ውጭ የሚያሳብጥ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚደፍነው እነሱን ነው።

ከፎንቱ እንነሳ። ኒያላን ወይም አቢሲኒካን መርጠሽ ማወፈሪያውን ተጭነሽ ከሆነ አጥፊው። ሁለቱም ወፍራም ዓይነት የላቸውም፣ ስለዚህ ፎቶሾፕ ራሱ ዙሪያውን ይለጥፍበትና በውሸት ያወፍረዋል፣ ዓይኑም ያኔውኑ ይጠባል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን አውርጂ። በነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ተስሎ የተዘጋጀ ነው፣ ሲወፍርም ክፍተቶቹ ታስበውባቸዋል።

ቀጥሎ የጽሑፉን ሌየር (ጽሑፉ ያለበትን ንብርብር) ከስሙ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጊ። ሌየር ስታይል፣ የማስዋቢያው መስኮት፣ ይከፈታል። ስትሮክ (የፊደሉን ዙሪያ የሚከበውን መስመር) ካደረግሽ ፖዚሽኑን ከአውትሳይድ (ከውጭ) ወደ ኢንሳይድ (ወደ ውስጥ) ቀይሪው። ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል። ፊደሉን ከፍ ያለ የሚያስመስለው ቤቭል ኤንድ ኢምቦስ ላይም ስታይሉ ኢነር ቤቭል ይሁን። ሳይዙን ከፊደሉ ቀጭን መስመር ውፍረት ግማሽ በታች አድርጊው። መስመሩ 12 ፒክስል ከሆነ 4 ወይም 5 ይበቃል። ከግማሹ ሲያልፍ ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ጥላ መሐል ላይ ይገናኝና የፊደሉ ጠፍጣፋ ፊት ይጠፋል፤ ያ ቅቤ የመሰለሽ እሱ ነው።

ወርቁ የሚመጣው ከቢጫ ቀለም አይደለም፣ ከብርሃንና ከጥላ መፈራረቅ ነው። ግራዲየንት ኦቨርሌይ (ቀለም ከቀለም እያዋሃደ ፊደሉን የሚሸፍነው) ውስጥ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ከዚያ ወርቃማ (ቀይ 212፣ አረንጓዴ 175፣ ሰማያዊ 55)፣ ከዚያ ወደ ነጭ የሚጠጋ ክሬም፣ ከዚያ መልሰሽ ወርቃማ አድርጊ። ዩዝ ግሎባል ላይትን ምልክት አድርጊበት፤ አለዚያ የፊደሉ ብርሃን ከግራ፣ ጥላው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣና ለምን እንዳስጠላሽ ሳታውቂው ያስጠላሻል። አውተር ግሎው፣ ከፊደሉ ዙሪያ የሚወጣው ብርሃን፣ ይቅርብሽ። ፊደል የሚነበበው በጠርዙ ነው፣ እሱ ደግሞ ጠርዙን ያደበዝዘዋል።

ስትጨርሺ ምስሉን በስልክሽ ከፍተሽ ክንድሽን ዘርግተሽ እይው። «መ» ሁለት ዓይን ካላት ላኪው።

ጥያቄ፦ የጥሪ ካርድ ሠርቼ አሳተምኩ። ኮምፒውተር ላይ ወርቁ ያብረቀርቃል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሰናፍጭ ሆኖ ወጣ። አታሚ ቤቱ «ፋይልህ ነው» አለኝ። እውነት ነው?
ካርድ ሠሪው፣ ከጎንደር

መልስ፦ መናደድህ ይገባኛል፣ የሰው ሠርግ ነው። ግን ያው ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት ደግሞ ቀለም። ተራው የኅትመት ማሽን ያለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ከእነዚህ የሚያብለጨልጭ ነገር አይወጣም፣ ፋይልህ የቱንም ያህል ቢያምር። ይሄንን ከማተሙ በፊት ሊነግሩህ ይገባ ነበር። ለወደፊቱ ኮንትሮልና ዋይን ተጫን፣ ፎቶሾፕ ቀለሙ ሲታተም ምን እንደሚመስል በግምት ያሳይሃል። ፋይሉንም ከመነሻው በ300 ሬዞሉሽን (በኢንች 300 ፒክስል) ክፈት። ትንሽ ሠርተህ በኋላ ካሳደግከው ፎቶውና ወደ ፒክስል የተቀየረ ፊደል ይደበዝዛል፤ ኢሜጅ ሳይዝ ላይ ስኬል ስታይልስ ካልተመረጠ ደግሞ የቤቭሉና የጥላው መጠን በነበረበት ይቀራል።

እውነተኛ ወርቃማ ካርድ ከፈለግክ የሚሠራው በሙቀት በሚለጠፍ የወርቅ ፎይል ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን የሰርግ ካርድ ላይ ልዩነቱ በእጅ ይዳሰሳል። ለፎይል ግራዲየንቱም ጥላውም አያስፈልግም። ጽሑፉን ኮንቨርት ቱ ሼፕ አድርገህ (ወደ ቅርጽ ቀይረህ)፣ ኢፌክቱን ሁሉ አጥፍተህ፣ ድፍን ጥቁር አድርገህ ስጣቸው። ቀጫጭን መስመር በፎይል ላይ ሊቆራረጥ ስለሚችል ወፈር ያለ ፎንት ምረጥ፣ አንድ ናሙናም ሳታይ ሁሉንም እንዳታሳትም።