የቦብ ዲላንን ዘፈኖች ለመጫወት ለምትነሱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የአሜሪካዊውን ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ የቦብ ዲላንን ዘፈን ከቨር ለመሥራት፣ ማለትም በራሳችሁ አጨዋወት ለመጫወት ስትነሱ አብዛኞቻችሁ የምትጀምሩት ከዲላን ሳይሆን ዘፈኑን ካገነነው ሌላ ተጫዋች ነው። ቅጂን ከቀዳችሁ ለራሳችሁ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። መጀመሪያ የዲላንን ቅጂ ስሙ።

«ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር»ን እንያዝ። ዲላን እ.ኤ.አ. በ1967 ታኅሣሥ መጨረሻ ያወጣው ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጅ፣ በአኩስቲክ ጊታር፣ በሃርሞኒካ፣ በቤዝና በድራም ብቻ የተሠራ ዘፈን ነው። ወር ሳይሞላው ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስ ለንደን ስቱዲዮ ገብቶ ይቀዳው ጀመር። ኮርዶቹን አልነካም፤ ግጥሙንም ከሞላ ጎደል እንዳለ ዘፈነው። የጨመረው በስንኞቹ (በግጥሙ ክፍሎች) መካከል ነው፦ የመሃሉ ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበት ክፍል) በስላይድ (ክሩ ላይ በሚንሸራተት ቱቦ)፣ ከዚያ በዋዋ (በእግር በሚረገጥ የድምፅ መለወጫ)፣ እያለ በየተራ ድምፁን ይለውጣል። ዘፈኑም አራት ደቂቃ ሞላ። ዲላን ራሱ ኋላ ላይ በመድረክ ወደ ሄንድሪክስ አጨዋወት አዘነበለ።

ለልምምድ በኤ ማይነር ያዙት፤ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ምት። ካፖ (የጊታሩን ክሮች ጨብጦ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ማሰሪያ) አራተኛው ፍሬት ላይ ብታስሩ የዲላን ስኬል ላይ ትደርሳላችሁ። ጉሮሯችሁ ላይኛው ኖታ ላይ ከተያዘ ግን ካፖውን አንድ አንድ ፍሬት ዝቅ አድርጉ እንጂ አትጩኹ። የዲላንን የአፍንጫ ድምፅ መኮረጅም ይቅርባችሁ፤ ግጥሙን ያደበዝዛል።

ይህ ዘፈን ብዙ ባንዶች እጅ ላይ የሚሞተው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው። ኮርዱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስለሆነ፣ ሁሉም መሣሪያ ከመጀመሪያው ከገባ የሚያድግበት ቦታ ያጣል። የመጀመሪያውን ስንኝ በጊታርና በድምፅ ብቻ አሳልፉ፤ ቤዙ ቀጥሎ፣ ድራሙ ሙሉ በሙሉ ከሶሎው ጋር ይግባ።

ሶሎውን በትዝታ ማይነር ልትጫወቱ ብትፈልጉ ያምራል፤ አንድ ቦታ ግን ተጠንቀቁ። ከኤ የሚነሳው ቅኝት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው፤ ጂም ዲም የሉበትም። ጂ ኮርድ ሲመጣ ሲ ላይ ከቆያችሁ ከኮርዱ ቢ ጋር ይጋጫል። ሲን እለፉት፣ ቢ ላይ አሳርፉ።

ዘፈን ማሳጠርም ይቻላል። የሮክ ባንዱ ዘ በርድስ እ.ኤ.አ. በ1965 የዲላንን «ሚስተር ታምበሪን ማን»ን ሲሠሩ ከአራቱ ስንኞች አንዱን ብቻ ወስደው አዝማቹን ከፊትና ከኋላ አደረጉለት፤ ምቱን ወደ አራት አራተኛ ለወጡ፣ ባለ 12 ክር ኤሌክትሪክ ጊታር አስቀደሙ። ከአምስት ደቂቃ በላይ የነበረው ዘፈን ከግማሽ በታች ሆኖ አሜሪካም ብሪታንያም አንደኛ ወጣ። ዘፈኑ የምስል እንጂ የታሪክ ስላልሆነ መቆረጡን ቻለ። ታሪክ የሚተርከውን የዲላንን «ሃሪኬን» እንዲህ ብታደርጉት ግን አድማጭ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቀራል፤ እሱን ሙሉውን ስምንት ደቂቃ ለመሸከም ካልተዘጋጃችሁ ሌላ ምረጡ።

መብቱን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ አንዴ የወጣን ዘፈን ዋና ዜማውን ሳይለውጡ በድምፅ ብቻ ለማውጣት ሕጉ የተመነውን ክፍያ መክፈል ይበቃል። ቪዲዮ የተለየ ስምምነት ይፈልጋል። ወደ አማርኛ መተርጎም ደግሞ ከባለመብቱ ቀጥተኛ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዲላንን የዘፈን ደራሲነት መብቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኒቨርሳል ሙዚክ ፐብሊሺንግ ስለገዛ ጥያቄው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ስቱዲዮ ከመከራየታችሁ በፊት ጻፉላቸው።