ከእርሻ ማሳ የወጣ የብር ሳንቲም የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ነው። በብረት መፈለጊያ መሣሪያ (ዲቴክተር) ማሳ ላይ ስፈልግ በመዶሻ እየተመታ የተሠራ የድሮ የብር ሳንቲም አገኘሁ። የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ነው፤ ከጋሻው በላይ 1569 ይላል፤ ከንግሥቲቱ ራስ ጀርባም ጽጌረዳ አለው። ገበሬው ችግር የለውም። ካገኘኋቸው ሁሉ ያልተሸረፈው ይኸ ስለሆነ ልሸጠው ነው። እችላለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝ ስለ አንድ ሳንቲም ነው፤ የጻፉት ግን «ካገኘኋቸው ሁሉ» ብለው ነው። ሌሎቹ ስንት ናቸው? ከየት ወጡ? ዋናውን ነገር ያለፉት እዚህ ላይ ነው። ይህ እስኪጣራ አይሽጡ፤ ኢንተርኔት ላይም አይለጥፉት።

መደበኛው ሕግ አጭር ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የሚሠራው የ1996ቱ የትሬዠር (ከመሬት የወጣ፣ በሕግ የሚጠበቅ ጥንታዊ ሀብት) ሕግ፣ ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር፣ ነጠላ ሳንቲምን ትሬዠር አይለውም። ይህ ማለት ግን ሳንቲሙ የእርስዎ ነው ማለት አይደለም። ከአፈር ውስጥ በወጣ ዕቃ ላይ ከአግኚው ይልቅ የባለመሬቱ መብት እንደሚቀድም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1995 ወስኗል። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ ሌላ ነው። ቢያንስ 300 ዓመት የሆናቸው፣ ቢያንስ 10 በመቶ ወርቅ ወይም ብር ያለባቸው ሁለት ሳንቲሞች ከአንድ ግኝት ከወጡ ትሬዠር ናቸው። እንግሊዝ በመዶሻ መምታቷን የተወችው በ1662 ነውና ዕድሜው አያከራክርም፤ የዚያ ዘመን የኤልሳቤጥ ብርም ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ ነው። የሚያከራክረው «አንድ ግኝት» የሚለው ብቻ ነው። «አንዱን መጋቢት፣ ሌላውን መስከረም አገኘሁ፤ መካከላቸውም ሃያ ሜትር ነው» የሚል መከላከያ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ሕጉ ግን ቀኑን አይደለም የሚጠይቀው፤ ሳንቲሞቹ ቀድሞ አብረው ነበሩ ወይ ነው። በአንድ ከረጢት የተቀበረን ብር ማረሻ ከዓመት ዓመት እየጎተተ በማሳው ይበትነዋል። ስለዚህ መጋቢት ላይ ብቻዋን የነበረችው ሳንቲም፣ መስከረም ላይ እኅቷ ስትወጣ ትሬዠር ሆና ልትገኝ ትችላለች። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋን ሸጠዋት ከሆነ ምን ሊመልሱ ነው?

ትሬዠር መሆኑን ካወቁ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካገኙ በ14 ቀን ውስጥ ለአካባቢው ኮሮነር (የሞት ምክንያትንና እንዲህ ያለ ግኝትን ለሚመረምር ባለሥልጣን) ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህን መልስ ካነበቡ ወዲያ «አላውቅም ነበር» ማለት አያዋጣዎትም። አለማሳወቅ እስከ ሦስት ወር እስራት፣ የገንዘብ ቅጣት ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ደብቆ መሸጥ ደግሞ የስርቆት ክስ ያመጣል፦ በ2015 ሄርፎርድሺር ውስጥ የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አግኝተው የደበቁ ሁለት ሰዎች በ2019 የረጅም ዓመታት እስራት ተፈርዶባቸዋል። የእንግሊዝ ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ገና የሚጠብቁ ከሆነ እንዲህ ያለ ፍርድ ምን እንደሚያደርግብዎ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ። በጊዜ ያሳወቀ ሰው ግን አይጎዳም፤ ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ይገመትና ሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ ለአግኚውና ለባለመሬቱ እኩል ይካፈላል።

«ገበሬው ችግር የለውም» ያሉትም አላረካኝም። ሰውየው ባለመሬት ነው ወይስ ተከራይ? ተከራይ ከሆነ የባለመሬቱም ፈቃድ ያስፈልግዎታል። የማሳውን ስም፣ ቀኑንና የድርሻውን ክፍፍል የያዘ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይያዙ። ማሳው በጥብቅ ቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ያለ ልዩ ፈቃድ በዲቴክተር መፈለግ ብቻውን ወንጀል ነውና ይህንንም አስቀድመው ያጣሩ።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ሳንቲሞቹን አይጠቡ፣ አይፈትጉ፤ ጭረቱ ዋጋውን ይገድላል። እያንዳንዱን በየራሱ ከረጢት ያድርጉና የተገኘበትን ነጥብ ከስልክዎ ካርታ፣ ቀኑንና ጥልቀቱን ይጻፉበት። ሁለቱንም ገጽ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሱ። 14ቱ ቀን ካለፈ አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ካላለፈ በየአካባቢው ያለውን ፋይንድስ ሊየዞን ኦፊሰር (ከሕዝብ የሚመጡ ግኝቶችን የሚመዘግብ ባለሙያ) ዛሬውኑ ያግኙ። በጽሑፍ ደረሰኝ ሳይቀበሉም ሳንቲሞቹን ለማንም አያስረክቡ።