ካሜራው አይወስንላችሁ፦ ለድሬና ለሐረር ልጆች

ሰላም ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ድሬ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንጀራዬ ሰርግ፣ ምርቃትና ጉርድ ፎቶ ነበር፣ ልቤ ግን ሁሌም ወፉና ተራራው ጋ ነው። ሰሞኑን ካሜራ የያዙ ልጆች እየመጡ "ጋሼ ይሄን ሌንስ ብገዛ ፎቶዬ ይስተካከላል ወይ?" ይሉኛል፣ ያነሱትን ያሳዩኛል፣ አየዋለሁ፣ ሌንሱ ምንም አልሆነም። አብሮ የመጣው ባለ 18-55 ሌንስ ለጀማሪ ይበቃል። የተበላሸው ሰዓቱ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ሁሉንም ነገር ለካሜራው ትታችሁለት መሄዳችሁ ነው።

ሰዓቱን ላስቀድም። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ ነው፣ ፀሐይ እንደ አውሮፓ በጎን እየተንሸራተተች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው ምትወጣው፣ ስለዚ ያ ሁላችሁም ምትወዱት ወርቃማ ብርሃን እኛ ጋ ቶሎ ያልቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የነበረው ብርሃን 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሌላ ብርሃን ነው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ የሰው ጥላ እግሩ ስር ይገባል፣ በዛ ሰዓት የተነሳ ወፍ ሆዱ ጥቁር ጀርባው ነጭ ሆኖ ነው ሚወጣው፣ ማንም ኤዲት አድርጎ አያድነውም። ስለዚ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፣ ብርሃኑ ሲመጣ እናንተ ቀድማችሁ ቦታው ላይ ሁኑ። ከሰዓትም እንደዛው ነው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ነገሩ ሚያምረው።

አሁን ወደ ካሜራው። ሁላችሁም አውቶ ላይ ነው ምታነሱት፣ አልቆጣም፣ ግን ካሜራው ምን እንደሚያስብ እወቁ። ካሜራ ነጭና ጥቁር አያውቅም አቦ፣ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይፈልጋል። ያቺን ከብት ተከትላ ምትሄደውን ነጭ ወፍ ታውቋታላችሁ አይደል? ባለፈው አንዷ ልጄ ወፏን ሁለት ቦታ አንስታ አመጣችልኝ። አንዱ ላይ ወፏ ደቻቱ፣ ከተማችን መሃል ያለው ደረቅ ወንዝ፣ ነጭ አሸዋው ላይ ቆማለች፣ ፎቶው ጨልሟል፣ ነጩ አሸዋ አመድ መስሏል። ሌላው ላይ ያቺው ወፍ ጥቁር ላም ጀርባ ላይ ናት፣ ላሟ ግራጫ ሆናለች፣ ወፏ ደግሞ ላባ የሌላት ነጭ ወረቀት ሆናለች። ልጅቷ ካሜራው ተበላሽቷል ብላ ነው የመጣችው። አልተበላሸም፣ አሸዋው ላይ "ይሄ ሁሉ ነጭ በዛ" ብሎ አጨለመው፣ ላሟ ላይ ደግሞ "ጥቁር በዛ" ብሎ አበራው። መፍትሔው ከሙሉ አውቶ ወጥታችሁ ፒ (P) ላይ ማድረግና ያቺን ፕላስና ማይነስ ያለባትን ቁልፍ መጠቀም ነው። ነጭ ነገር ፎቶውን ከሞላው ወደ ፕላስ አንድ ሂዱ፣ ነጯ ነገር ትንሽ ሆና ዙሪያው ጥቁር ከሆነ ወደ ማይነስ አንድ ሂዱ። ነጩ አንዴ ከተቃጠለ ላባው ተመልሶ አይመጣም፣ የጨለመ ግን በተለይ ሮው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ ሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ ይነሳል፣ ስለዚ ስትጠራጠሩ ወደ ጨለማው አዘንብሉ። በሞባይል ለምታነሱም ያው ነው፣ ወፏን ነክታችሁ ያዙና ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡት፣ ሲጠቁር ታዩታላችሁ። ዙሙን ግን ተዉት፣ ከሌንሱ አልፎ በጣት ሚዘረጋው ዙም ፎቶውን መቁረጥ ብቻ ነው።

ሻተር ስፒድ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን ሚያስገባበት ጊዜ ላይ፣ ብዙ አልቆይም። ቆሞ ለሚበላ እንስሳ 1/250 ሰከንድ ይበቃል፣ ለምትበር ወፍ ከ1/1000 በታች አትውረዱ፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥባችሁ ደግሞ ሌንሱ 200 ላይ ከሆነ ሻተሩ ቢያንስ 1/200 ይሁን። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ለወፍ የሌንሱን ትንሹን ቁጥር፣ ለተራራ ኤፍ 8 ወይም 11። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ብርሃኑ ሲያንስ ከፍ ለማድረግ አትፍሩ፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ከሚሆን ትንሽ አሸዋ የመሰለ ነገር ቢኖርበት ይሻላል።

ግን አይኤስኦውን መመለስ አትርሱ፣ ይሄን ከልቤ ነው ምላችሁ። አንዴ ሐረር ማታ ጅብ ሲበላ ላነሳ ሄጄ አይኤስኦውን 3200 አድርጌ ነበር፣ ጅብ ላይ ፍላሽ ፊት ለፊት አልተኩስም፣ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚመልስ ነገር ስላለው ሁለት መብራት ብቻ ነው ሚታየው፣ ከጎን የሚመጣ የመኪና መብራት ወይም ባትሪ ነው ሚያምረው፣ ሚያበላውን ሰው አስቀድማችሁ አናግሩት፣ እሱ የት መቆም እንዳለባችሁ ያውቃል። እና ያን ሌሊት ጥሩ አነሳሁ፣ አደርኩ፣ ጠዋት በባቢሌ በኩል ወደ ዳካታ ወረድኩ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የቆመበት ሸለቆ፣ ሰማዩ ሮዝ ሆኖ እንደዛ ዓይነት ጠዋት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ፎቶውን በትንሿ ስክሪን ሳየው ደህና ነበር። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ አሸዋ የተበተነባቸው፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት ደግሞ ሻተሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ አልችል ብሎ ሰማዩ ነጭ የሆነ። 3200 ላይ ነበር ለካ። ከዛን ቀን ጀምሮ ካሜራውን ቦርሳ ከመክተቴ በፊት አይኤስኦ 100፣ ፕላስ ማይነሷ ዜሮ፣ ባትሪ ቻርጅ፣ ሚሞሪ ባዶ፣ ሳላረጋግጥ አልተኛም።

በነገራችን ላይ ዳካታ ለመማሪያ በጣም ጥሩ ቦታ ነው። ድንጋይ አይሮጥም። አንዱን ድንጋይ ምረጡና ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ አንሱት፣ እኔ ስለ ብርሃን ከምነግራችሁ ሁሉ በላይ ያ ድንጋይ ይነግራችኋል። የባቢሌ ዝሆን ለማንሳት ግን በራሳችሁ እንዳትሄዱ፣ ጥበቃዎቹን ይዛችሁ እንጂ።

አቀማመጡስ? ሁላችሁም ቆማችሁ ቁልቁል ነው ምታነሱት። ቁጭ በሉ፣ አስፈላጊ ከሆነ በሆዳችሁ ተኙ፣ የእንስሳው ዓይን ጋ ውረዱ። ፎከሱ ዓይኑ ላይ ይሁን፣ ካሜራው ራሱ እንዳይመርጥ አንዷን ነጥብ ብቻ ምረጡ፣ አለበለዚያ የግራሩን እሾህ ይይዝና ወፏን ይተዋታል። ወፏ ወደ ግራ ካየች በግራ በኩል ባዶ ቦታ ተዉላት፣ የምታይበት ይኑራት። ከዛ ከመተኮሳችሁ በፊት አራቱን ጠርዝ በዓይናችሁ ዙሩ። ይሄን ማንም አያደርገውም! ከጀርባ የመብራት ፖል፣ ፌስታል፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም እዛ ጠርዝ ላይ ነው ያለው፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ብትሉ ይጠፋል። በፊልም ጊዜ ባለ 36 ነበር ምንገዛው፣ 36ቱ ካለቀ አለቀ፣ እና ዓይናችን ሳይዞር ጣታችን አይጫንም ነበር። እስቲ አንድ ጠዋት ሚሞሪው 36 ብቻ እንደሚይዝ አድርጋችሁ ውጡ፣ እያያችሁ አትሰርዙ።

ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ማንሳት ጥሩ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጠዋት ግመል ያልፍበታል። ግን ክረምት ላይ ተጠንቀቁ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ይመጣል፣ ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ደጋው ላይ፣ ወደ ደንገጎ በኩል፣ ጥቁር ደመና ካያችሁ ውጡ፣ ምንም ፎቶ አይቅርብኝ አትበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ ሁሌም ሚቆጨኝ። ሐረር ለሰርግ ስሄድ ስመለስ ሐረማያ ሐይቅን አልፈዋለሁ፣ ሙሉ ነበር ያኔ፣ ወፉ፣ ጀልባው፣ ጠዋት ላይ ውሃው ላይ ሚተኛው ጭጋግ። ካሜራዬ ጭኔ ላይ ነው፣ ሁለት ፊልም አለኝ፣ ግን ፊልሙ የሙሽሮቹ ነው፣ በኋላ እመጣለሁ እያልኩ አለፍኩ፣ ስንት ዓመት አለፍኩ። ከዛ ሐይቁ ደረቀ። ከብት መሃሉ ላይ ሲግጥ አየሁ። እኔ ከአንድ የሰርግ ፎቶ በስተቀር የለኝም፣ ሙሽራዋ ከፊት፣ ከትከሻዋ ኋላ የጣት ስፋት ያህል ውሃ ይታያል፣ እሱም ፎከስ ውጪ ነው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ሲመለስ ሄጄ ዳሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑኝም።

ስለዚ ሩቅ አትሂዱ፣ ሰፈራችሁ ካለ አንድ ዛፍ ጀምሩ። ገንደ ቆሬም ሁን ሳቢያን፣ ጀጎል ግንብ ስርም ብትሆኚ፣ ቢጫዋ ወፍ ጎጆ ምትሰራበት አንድ ግራር አይጠፋም። ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ስሩ ተቀመጡ፣ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሁን፣ 1/1000፣ አይኤስኦው እንደ ብርሃኑ ከ400 ጀምሮ፣ ፎከስ ነጥቧ ጎጆው አፍ ላይ። ሳር ይዛ እስክትመለስ ጠብቁ፣ እየተመላለሰች ነው ምትሰራው፣ ደጋግማ ትመጣለች። ያነሳችሁትን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።