ሥራዬን ካጣሁ ወዲህ ማን ነኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቱሪስት በጀልባ ወደ ዘጌ እየወሰድኩ አስጎበኝ ነበር። ሥራው ከቀዘቀዘ ወዲህ የምኖረው በታናሽ እህቴ ደመወዝ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነበርኩ፤ ሰው ሲያየኝ ስለማፍር ከቀረሁ ቆየሁ። «እኔ ምንም አይደለሁም» እላለሁ። ይሄ ትሕትና ነው አይደል? ደግሞስ ድኅነት የምናገኘው በጸጋ ከሆነ ጾሙና ስግደቱ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በጣና ዳር ስንቱ ባለጀልባ እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ አያለሁና «አይዞህ ያልፋል» ብዬ አልሸነግልህም።

ግን ያልከው ትሕትና አይመስለኝም። ትሑት ሰው «ያለኝ ሁሉ የተሰጠኝ ነው» ይላል። አንተ የእህትህን እንጀራ እየበላህ አንገትህን የምትደፋው ሰጪነት ለምደህ ተቀባይነት ስለከበደህ ነው። ይቅርታ አድርግልኝና፣ እሱ ትዕቢት ነው። ያዘነ ትዕቢት ስለሆነ አይታወቅም እንጂ።

እንደ ወንዶቹ ሁሉ በ40 ቀንህ የተጠመቅህ ይመስለኛል። ያን ቀን ምን ሠርተህ ነበር? ሰይጣንን የካደልህ፣ እምነትህን የመሰከረልህ የክርስትና አባትህ ነው። አንተ ምናልባት እያለቀስክ ነበር። ሜሮን ተቀባህ፣ ማዕተብ ታሰረልህ፣ የክርስትና ስም ወጣልህ፣ ሥጋውንና ደሙን ተቀበልክ። የእግዚአብሔር ልጅነትህ የዚያን ቀን ተሰጠህ። አስጎብኚነቱም መዝሙሩም የመጡት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እነሱ ሲሄዱ ልጅነትህን ይዘውት አይሄዱም።

ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከት። ቤተ ክርስቲያንን ስላሳደደ «ከሐዋርያት ሁሉ የማንስ ነኝ» አለ። ወዲያው ቀጥሎ ግን «በእግዚአብሔር ጸጋ የሆንሁ እኔ ነኝ» አለ (1ኛ ቆሮ. 15፥9-10)። ያለፈውን አልደበቀም፤ ሐዋርያነቱንም አልጣለም። አንተ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ይዘህ ሁለተኛውን ተውከው።

በዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግድግዳ ላይ ያለውን የበላዔ ሰብን ሥዕል ለእንግዶችህ ስንት ጊዜ አስረድተሃል? 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። ለአንድ ለተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ነፍሱ በተመዘነችበት ሚዛን ላይ ያ ጥርኝ ውኃ የ78 ሰው ደም ሊመዝን አይችልም፤ የረዳው የእመቤታችን ምልጃ ነው። ፈረንጆቹ እንደሚገረሙ እገምታለሁ። አንተስ፣ ለራስህ ተርከኸው ታውቃለህ?

ወደ ጾሙ ልምጣ። ጾምና ስግደት የጸጋ ሒሳብ አይደሉም፤ ከፍለን አንጨርሰውም። ያው ጳውሎስ እዚያው ላይ «ከሁላቸው ይልቅ ግን ደከምሁ» ብሏል። ጸጋው አላስቀመጠውም፣ አስነሣው። ኤፌሶን 2፥8 በጸጋ መዳናችንን ይነግረናል፤ ሁለት ቁጥር ዝቅ ስትል ደግሞ ለመልካም ሥራ መፈጠራችንን ታገኛለህ። ሰው አንዱን ቁጥር ብቻ ሲጠቅስ ስሰማ ቀጥሎ ያለውን እንዲያነብ እለምነዋለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለእህትህ ከልብህ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በላት። ሌላ ማብራሪያ አትጨምርበት። ንስሐ አባትህንም ሄደህ አግኛቸው። የደበቅኸው ነገር ካለ እሱንም ንገራቸው፤ ቀኖናውን እሳቸው ይሰጡሃል። እሑድ ቅዳሴ ግባ። መዝሙሩን ወዲያው ካልከበደህ ጀምር፤ ከከበደህ ለጊዜው ከሕዝቡ ጋር ቆመህ ተቀበል። «የት ጠፋህ?» የሚልህ አይጠፋም። «ሥራ አጥቼ ነበር» በለው፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ ሥራ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል።